ሁዳዴ በጎንደር፦ ስለ ተመስገንና ቀለል ብሎ ስለ መኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ሥራዋ ይለወጣል። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ድራሹ ይጠፋል። በምትኩ የጉባኤ ማስታወቂያና የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ይመጣል። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ደግሞ ጨዋታ አለ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከውጭ አገር ለፋሲካ የገባ ዘመድ፣ "ዘንድሮ ልጹም ወይስ ይለፈኝ" የሚል ጎረቤት፣ ሁሉም ይጠይቀኛል። ለምን እኔን እንደሆነ እንጃ። ቄስ አይደለሁም፣ መምህርም አይደለሁም። ምናልባት ወረፋ እየጠበቁ ዝም ማለት ከብዷቸው ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለው ብዙ ጊዜ የምጠየቀውና ብዙ ጊዜ የምመልሰው ነው። የሥርዓቱን ጉዳይ ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። የኑሮውን ግን እናውራው።

ሁዳዴ መቼ ይገባል? ለምንስ 55 ቀን ሆነ?

ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚገባው። የነነዌ ጾም ከገባበት ሰኞ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ፣ እሱ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ግን ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ለ2018 ዓ.ም. መግቢያው የካቲት 9፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ነው። ለ2019 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 29 ይገባል፣ ሚያዝያ 24 ይፈታል።

ቁጥሩ እንዲህ ይመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ ነው፣ ጾመ ሕርቃልም ይባላል፤ 7 ቀን። ቀጥሎ ጌታ የጾመው 40 ቀን አለ። ከሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ እስከ ቅዳም ስዑር፣ ማለትም እስከ ፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ ደግሞ 8 ቀን። ተደምሮ 55።

በቀን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾመው?

ይኼ የአቅምና የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር ወዲህ ነው፤ ብዙው ሰው ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ይቀምሳል። ከዚያም የሚያቆይ አለ። ቅዳሜና እሑድ ሰዓት አይቆጠርም፤ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ግን እንዳለ ነው። ከቅዳም ስዑር በቀር።

ስንት ሰዓት እንደጾሙ የሚያወሩ ሰዎች ግን አይመቹኝም። አንዱ ደንበኛዬ በየቀኑ "እስከ አሥራ አንድ" ይለኛል። ስምንት ሰዓት ላይ ካፌ ጥግ ተቀምጦ አየሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። እኔም አላየሁም፣ እሱም አልታየም።

"በሁዳዴ ቀለል ብላችሁ ኑሩ" ይባላል። ሥጋና ወተት ከተውኩ አልበቃም?

እኔም በቃ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ የወጪ ደብተር ትይዛለች። አንድ ዓመት ጾሙ እንደተጋመሰ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ና እስቲ ተመልከት" አለችኝ። የመጋቢት ወጪ ከጥር በልጦ ተገኘ። ሥጋ ሳንገዛ! ምን ውስጥ እንደገባ ቁጭ ብለን ፈለግነው። አቮካዶ ጁስ፣ የለውዝ ቅቤ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ፣ ዓርብ ዓርብ ከጓደኛ ጋር በያይነቱ። ከጾመ አይቀር የጾመው ኪሳችን ነበር።

የሆነው ይኼ ነው። ሥጋና ወተት ሲወጡ ክፍት ቦታ ይተዋሉ። እኛ ደግሞ ያንን ክፍት ቦታ ቶሎ ብለን እንደፍነዋለን። ይጣፍጣል ብለን፣ ያጠግባል ብለን፣ አንዳንዴም "ጾም አይከብደኝም" ለማለት። ትንሽ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ምን ይሆን ነበር? ትንሽ ይርባል። ትንሽ ሰዓት ይተርፋል። ትንሽ ብር ይተርፋል። ጾሙ የሚፈልገው እነዚህን ሦስቱን ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በሁዳዴ ለአንድ ቀን አንድ ወጥ ነው። ሽሮ ከሆነ ሽሮ፣ ምስር ከሆነ ምስር። ሐሳቡ የባለቤቴ ነው፤ ምክንያቷም የነፍስ ብቻ አልነበረም። በጾም ወራት ከማድ ቤት የምትወጣው ከሁሉም በኋላ ነበር። ወንዱ "የጾም ነገር ምን ሥራ አለው" ይላል። ክክ መልቀም፣ ሱፍ መውቀጥ፣ ስልጆ ማብሰል፣ ድንች መላጥ፣ በየቀኑ ስድስት ዓይነት ትሪ ላይ መደርደር ሥራ ካልሆነ ምን ይሆናል? የእኛ ቀለል ያለ ጾም የእሷ ወገብ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ገና ቀለል አላለም። ይህን ለባሎች ነው የምናገረው። ለራሴም ጭምር።

ጎንደር ላይ ሁዳዴ የተለየ ነገር አለው?

ጾሙ በየትም አንድ ነው። ግን ጎንደር ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይሰማል። ማለቴ፣ አይሰማም።

ይህች ከተማ የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዜም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ አገር ናት። ከሩቅ አገር ሳይቀር እዚህ በአታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እየመጡ አቋቋም ይማራሉ። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ይሏታል፤ በየአቅጣጫው ደብር አለ። በሌላ ጊዜ ወረብ ሲወረብ ከበሮው ደረት ውስጥ ነው የሚመታው። ጸናጽሉ እንደ ጅረት ይንሿሿል። ካህናቱ እንደ አንድ ሰው ይወዛወዛሉ። ጎንደሬ በዚህ ይኮራል፣ መኩራትም ይገባዋል።

ሁዳዴ ሲገባ ከበሮው ይቀመጣል። ጸናጽሉ ይቀመጣል። የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ይዜማል። በመጀመሪያው ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አንድ ነገር የጎደለ ይመስላችኋል። በሁለተኛው ጆሯችሁ መስማት ይጀምራል፤ የአንዱን አባት የተሰነጠቀ ድምፅ፣ የመቋሚያውን ጫፍ መሬት ሲነካ፣ ከኋላ የሚያስለውን ሕፃን። ድጓው በዚያ ሁሉ ድምቀት ሥር ለካ ሁልጊዜ ነበረ።

"ቀለል ማለት ምንድን ነው?" ስትሉኝ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ከበሮ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም የተቀመጠው። ፋሲካ ሌሊት ይመለሳል። ያኔ የሚሰማውን ስሜት ደግሞ 55 ቀን ዝም ያለ ሰው ነው የሚያውቀው።

የእግር ጉዞ ለሚወድ ሰው አንድ ምክር ልጨምር። በአዘቦት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውጡ። ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይመጣል፤ እኛ በእግር የምንደርሰው ሰዎች ከገባን ስንት ዓመት ሆነን? ቀና ብላችሁ እዩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስልኩን ቤት ተዉት።

ወጪ የማያበዛ፣ ግን ሰው የሚያሰኝ የጾም ምግብ ምን አለ?

ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ኑጉ፣ ተልባው፣ ሱፉ እዚያ ነው። ያልታሸገ፣ ማስታወቂያ ያልተነገረለት። አማቴ የደምቢያ ሰው ናት። ሽምብራ ገና ስታይ በጣቷ አንስታ፣ ጥርሷ ውስጥ ከትታ፣ "ይኼ የአምናው ነው" ብላ ትመልሳለች። ነጋዴውም አይከራከራትም።

የእሷን የሱፍ ፍትፍት ልንገራችሁ። ሱፉን ምጣድ ላይ ለብለብ ታደርገዋለች። ጠቆር ካለ ይመራል ብላ ዓይኗን አትነቅልም፤ ያን ጊዜ የሚያናግራት የለም። ትወቅጠዋለች። ለብ ባለ ውሃ ትበጠብጠውና በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ወተት የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ጨው፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት። ከዚያ እንጀራ ትፈተፍትበታለች። በቃ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ፀሐይ ገብታችሁ፣ ያን ቀዝቃዛ ፍትፍት ስትጎርሱ "ተመስገን" የሚለው ቃል ማንም ሳያዛችሁ ይወጣል።

ስልጆም አለ፤ እሱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የባቄላ ዱቄቱ በሱፍ ውሃ ይበስላል፣ ስናፍጭና ቅመም ይገባበታል፣ ከዚያ እስኪብላላ ቀናት ይቀመጣል። አንዴ ከተሠራ በትንሹ እየወጣ ይበላል። ስናፍጩ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ የሚያስለቅስ ካልሆነ አማቴ "ስልጆ" ብላ አትጠራውም።

ዓሣስ?

በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በተለይ ከጣና ዳር የመጣ ሰው ካለ። በዐቢይ ጾም አይበላም። ቀጣዩ ጥያቄ።

"ተመስገን" እላለሁ፤ ግን ከአፌ አያልፍም። ምን ላድርግ?

ይህን ከጠየቃችሁ ጥሩ ላይ ናችሁ። ብዙዎቻችን አልታወቀንም። "እንዴት ነህ?" "ተመስገን።" "ቤተሰብ?" "ተመስገን።" "ሥራ?" "ተመስገን ነው፣ ምን ይደረጋል።" ቃሉ በር ላይ እንደሚረገጥ ምንጣፍ ሆኗል።

አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። አያቶቻችን እንደ እኛ በየደቂቃው "አመሰግናለሁ" አይሉም ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ" ነበር የሚሉት። ቃሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። እኔ የምከፍልህ የለኝም፤ ከእኔ በላይ ያለው ስለ እኔ ይስጥህ ማለት ነው። መልሱ ደግሞ "አብሮ ይስጠን" ነው። ሰጪው ነገሩን አያናንቀውም። እኔም እንዳንተው እጄን የዘረጋሁ ነኝ ይላል። ሁለት አጭር ቃል ውስጥ ሰጪም ተቀባይም አንድ ወረፋ ላይ ቆሙ።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት የሱቄ ጣሪያ ሌሊት አፈሰሰ። ጠዋት ስከፍት ማሽኑ ላይ ጋቢ ተደርቦ አገኘሁ፤ እርጥብ ነው፣ ይንጠባጠባል። የሕንፃው ዘበኛ ናቸው። መለዋወጫ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነበር። የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውት ሌሊቱን በኮት አድረዋል። እኔ የዚያን ቀን ምን አልኩ? ስለ ጣሪያው ከአከራዩ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ለሳቸው "እሺ አባባ" ብዬ ጋቢውን መለስኩ። ይኸው ነው።

ጉዳዩ ትዝ ያለኝ ከሁለት ዓመት በኋላ በሁዳዴ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሆዴ ባዶ ስለነበር። አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። "አባባ፣ ያኔ ለማሽኑ ያለበሱት ጋቢ... እግዜር ይስጥልኝ አላልኩም" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ይዘህ ነው እስከዛሬ የዞርከው?" አሉኝ። ዳቦውን ተቀበሉ። "አብሮ ይስጠን" አሉ። ቀጥለው የመታወቂያቸውን ኮፒ ስንት እንደማስከፍላቸው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ጾሙ በገባ በየዓመቱ አንድ ሰው አስባለሁ፤ ውለታ የዋለልኝ፣ እኔ ያለፍኩት። አንድ ብቻ። ሁሉን ላመስግን ስል አንዱንም አላመሰግንም።

ኑሮ ከብዶኛል፣ ሥራም የለኝም። በምን ላመስግን?

እንዲህ ላለ ሰው "አመስግን፣ ካንተ የባሰ አለ" ማለት ይደብረኛል። የሌላው ሰው መከራ የእኔ ማጽናኛ መሆን የለበትም። ያ የባሰበት ሰውስ ማንን አይቶ ያመስግን?

አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ነው። የሚነበበው 38 ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ነው። ጌታ "ልትድን ትወዳለህን?" አለው። ሰውየው "አዎ" አላለም፣ "ተመስገን"ም አላለም። ስሞታ ነው የጀመረው። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም፤ እኔ ስደርስ ሌላው ይቀድመኛል አለ። ማንም "መጀመሪያ አመስግን" አላለውም። ስሞታውን እንደያዘ ነው የተፈወሰው። ቤተ ክርስቲያን በጾሙ ውስጥ ያቆመችልን ይህን ሰው ነው። እኔ በዚህ በጣም እጽናናለሁ።

እና ከከበዳችሁ ስሞታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "ሰው የለኝም" የሚል ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ምስጋና አትስበኩለት። ሰው ሁኑለት። ሽሮ በጣሳ አድርጋችሁ ሂዱ።

አንድ ሌላ ነገር። በቅዳሴ ላይ ጸሎተ አኮቴት የሚባል የምስጋና ጸሎት አለ። አንድ ቀን ልብ ብላችሁ ስሙት። የሚያመሰግንበት ነገር ትንሽ ነው። ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ እስከዚች ሰዓት አደረሰን። "ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት።" ስለ ቤት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ሹመት የለበትም። እስከዚች ሰዓት ብቻ። ባለፉት ዓመታት እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ያቺ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን ያውቃል።

ልጆቼን ምስጋና እንዴት ላስተምራቸው?

በስብከት አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ። "ስንት ልጅ እየተራበ አንቺ ምግብ ትመርጫለሽ" ስላት ልጄ "ታዲያ ለእነሱ ስጣቸው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያስተማራት የቆሎ ተማሪ ነው። ሠፈራችን ማታ ማታ አንድ ልጅ ይመጣል። አኩፋዳውን በትከሻው አንግቦ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በር ላይ ይቆማል። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ከመሶቡ የደረቀውን ዳር ቆርሳ ልትሰጥ ስትል አያቷ እጇን ያዘቻት። "መሐሉን" አለቻት። ልጄ መሐሉን ሰጠች። ልጁ "እመ ብርሃን ትስጥልን" ብሎ ሄደ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ቤት የለውም? እናት የለውም? ለምን ይለምናል? ቤትም እናትም እንዳለው፣ ዜማ ልማር ብሎ ከሩቅ እንደመጣ፣ ቀን እየተማረ ማታ እየለመነ እንደሚኖር፣ ስንቱ ሊቅ እንዲህ እንዳደገ ነገርናት። ለማኝ ማለት እሷ እንደምታስበው እንዳልሆነ ገባት መሰል፤ በማግስቱ መሐሉን ራሷ ቆርሳ በር ላይ ጠበቀችው።

አንድ ቀን ልጁ አልመጣም። እንጀራውን በሳህን ይዛ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ እንቅልፍ ወስዷት አገኘናት።

ስልክና ቲክቶክስ ይጾማሉ?

ያሬድ ዓይንም ይጹም፣ አንደበትም ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ብሎ በዜማ የተወው ከስልክ በፊት ነው። ሦስቱም አሁን አንድ ዕቃ ውስጥ ገብተዋል። እኔ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አልችልም፤ ደንበኛ ፋይል የሚልከው በቴሌግራም ነው። ማታ ከእራት በኋላ ግን መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት እጅ ያሳክካል።

ከሁሉ የሚከብደው ሐሜት ነው። ሥጋ ትቶ ሰው መብላት የሚባለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይህን መጾም ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቃል።

ታምሜያለሁ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ነኝ። ባልጾም ቅር ይለኛል።

መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ ያረገዛችሁ፣ የምታጠቡ፣ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ የንስሐ አባት አናግሩ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። መድኃኒት አቋርጦ መጾምን ያዘዘ አባት እኔ አላጋጠመኝም። ከምግብ በስተቀር የሚጾም ነገር ሞልቷል፤ ከላይ ያለውን ሐሜት መጀመር ይቻላል።

ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ጾሙ ሲገጣጠም እንዴት ነው?

ደስ ይላል። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2፣ ሰኞ። ቀን ቀን ከተማው ጭር አለ። አዲስ ዓለም የሚኖር አንድ ደንበኛዬ ማታ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ገና ሳልነካው "ምስር ነው፣ አትስጋ" አለኝ። እሱ የእኔን ጾም አስቦ ነው ያስጠበሰው። እኔ የእሱን ማፍጠሪያ ሰዓት እንኳ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ አውቀዋለሁ።

በሕማማት ጎንደር ልመጣ ነው። ምን ልወቅ?

የቱሪስት ፕሮግራም አትያዙ። ያ ሳምንት የስግደት ነው። ነጠላ ያዙ፣ ለጉልበታችሁም የሚነጠፍ ነገር አስቡ። ካህናት መስቀል አያሳልሙም፤ ሰውም እንደወትሮው ተጨባብጦና ተሳስሞ ሰላም አይባባልም። አንድ የምታውቁት ሰው ዝም ብሎ ቢያልፋችሁ አትቀየሙት።

ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ ስንዴና የባቄላ ክክ ከጨው ጋር የተቀቀለ። ከዚህ የቀለለ የበዓል ምግብ አላውቅም። ዓርብ ስቅለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሰገዳል፣ መጨረሻ ላይ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባችሁን ቸብ ያደርጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማ ይታደላል። በራሳችሁ ዙሪያ እሰሩት፤ አትፈሩ፣ ሁሉም ሰው አስሯል። ባንክ ቤት ውስጥ ሳይቀር።

ፋሲካን ያለ ዕዳ ማክበር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ከሆሣዕና በፊት መወሰን አለበት። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ዶሮ ስትጠየቁ የምትሰጡት መልስ የእናንተ አይደለም፣ የገበያው ነው። ቅርጫ ከገባችሁ ስንት ቤት እንደምትካፈሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ዶሮውን ለሁለት ቤት አድርገነዋል፤ ከባለቤቴ እህት ጋር። መጀመሪያ ሼም ነበረው። አሁን ለምደነዋል። ልጆቹ አንድ ላይ ያድራሉ፣ ሳህን የሚያጥበው ሰውም ይበዛል። ጾሙን ስትፈቱ ደግሞ በዶሮው አትጀምሩ። መጀመሪያ ተልባ ጠጡ። ጨጓራችሁ ያመሰግናችኋል።

ጾሙ ሲፈታ የተረፈው ሽሮ ምን ይደረጋል?

የዋህ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን አንድ ቁና ሽሮ ያስፈጨ ሰው ነው የጠየቀኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ ሽሮው ጥግ ይይዛል። በደረቅ ዕቃ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት፤ የሐዋርያት ጾም ሩቅ አይደለም። ካልቻላችሁ ለቆሎ ተማሪ።

እኛ ቤት አምና ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ወጣ። ባለቤቴ ለጋ ቅቤ ጨምራ ሠራችው። ልጄ አንድ ጊዜ ጎርሳ "የሁዳዴው ይሻላል" አለች። አማቴ ጥግ ተቀምጣ እንዴት እንደሳቀች!